ቀለምን ከቀለም ማዛመድ፤ ፑዮ ፑዮ የተባለው ጨዋታ ልብን የሚስብበት ምክንያት

ሰው ለሥራ እንደ ተፈጠረ ሁሉ፥ ከሥራው በኋላ አእምሮውን የሚያሳርፍበት ጨዋታ ደግሞ ያስፈልገዋል። ጭነቷ የማይወርድላት በቅሎ ከሩቅ አገር እንደማትደርስ፥ ዕረፍት የማያገኝ አእምሮም ከታሰበለት ዕውቀት አይደርስም። ዳሩ ግን ጨዋታ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ የደከመውን ያሳርፋል፤ አንዱ የተኛውን ያነቃል፤ አንዱ ደግሞ ጊዜን ሰርቆ ባዶ እጅን ይሰዳል። ቤተ ሰብ የሚያስተዳድር ሰው ይህን ለይቶ ማወቅ ይገባዋል። ልጆቹ በቴሌቪዥን መስኮትና በእጅ ስልክ የሚጫወቱትን ሳያውቅ ቢከለክል፥ ፍርዱ ምስክር ያልተሰማበት ፍርድ ይሆናል፤ ሳያውቅ ቢፈቅድም አደራውን እንደ ዘነጋ ይቈጠራል።

ስለዚህ ቀለምን ከቀለም በማዛመድ በፍጥነት ከሚደረጉት ጨዋታዎች አንዱን መርጠን፥ አመጣጡን፥ አደራረጉንና ሰውን የሚማርክበትን ምክንያት ለአንባብያን እንገልጻለን። ጨዋታው በጃፓን አገር የተወለደ ሲሆን ስሙ ፑዮ ፑዮ ይባላል። ቃሉ በጃፓንኛ ሲነኩት ረገብ ረገብ የሚለውን ለስላሳ ነገር ያመለክታል። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

ከላይ የሚወርደውን ነገር በፍጥነት አሰካክቶ ማጥፋት ለሚጠይቁት ጨዋታዎች ሁሉ አባታቸው ቴትሪስ ነው። ቴትሪስን በ1984 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ፥ በሶቭየት ኅብረት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ የነበረው አሌክሴይ ፓዢትኖቭ አወጣው። በዚህ ጨዋታ ከአራት አራት ካሬዎች የተሠሩ ሰባት ዓይነት ቅርጾች ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም እያዞረ ያሰካካቸዋል፤ አንድ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ይጠፋል። በቴትሪስ ዋናው ነገር ቅርጽ ነው እንጂ ቀለም አይደለም። መጀመሪያ የተሠራበት ኮምፒዩተር ሥዕል ለማሳየት ስለማይችል፥ ቅርጾቹ የሚታዩት በጽሕፈት ምልክቶች ብቻ ነበር፤ ጨዋታው ግን በዚህ ምክንያት ምንም አልጐደለበትም።

ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ቅርጽን ትተው ቀለምን መሠረት ያደረጉ ጨዋታዎች ተነሡ። በ1990 ዓ.ም. ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ኮለምስ የተባለውን ጨዋታ ለሕዝብ አቀረበ፤ በርሱም ዕንቍዎች ሦስት ሦስት ሆነው አንዱ ባንዱ ላይ ቆመው ይወርዳሉ፤ አንድ ዓይነት የሆኑት ሦስቱ በመሥመር ሲገጥሙ ይጠፋሉ። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ የተባለው ኩባንያ ዶክተር ማሪዮን አወጣ። በዚህኛው ደግሞ ባለ ሁለት ቀለም የመድኃኒት ፍሬዎች በጠርሙስ ውስጥ ይወርዳሉ፤ ተጫዋቹም ቀይ፥ ቢጫና ሰማያዊ የሆኑትን የበሽታ ተሐዋስያን ቀለማቸው ከሚገጥመው መድኃኒት ጋራ አራት አራት አድርጎ እያሰለፈ ያጠፋቸዋል።

በ1991 ዓ.ም. በሂሮሺማ ከተማ የነበረና ማሳሚትሱ ኒታኒ የሚባል ሰው ያቋቋመው ኮምፓይል የተባለ ኩባንያ ፑዮ ፑዮን አወጣ። በጨዋታው ውስጥ የምትታየው አርሌ የተባለች ልጃገረድ፥ ኩባንያው ከዚያ በፊት ከሠራው ከአንድ ተረታዊ ጨዋታ የመጣች ናት። በመጀመሪያው ዓመት ስሙ ብዙ አልታወቀም። በ1992 ዓ.ም. ግን ከሴጋ ጋራ ሆኖ ሳንቲም እየከፈሉ በሚጫወቱባቸው የጨዋታ ቤቶች ሲቀርብ፥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚጋጠሙበት ሆነና ዝናው በጃፓን ሁሉ ተሰማ። ወደ አሜሪካና ወደ አውሮፓ ሲሄድ ስሙና ሥዕሉ ተለወጠ፤ በ1993 ዓ.ም. ሶኒክ የተባለው የሴጋ ጨዋታ ባላጋራ የሆነው ዶክተር ሮቦትኒክ፥ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ኪርቢ የተባለው የኒንቴንዶ ገጸ ባሕርይ በጨዋታው ውስጥ ገቡ።

ኮምፓይል በ1998 ዓ.ም. በገንዘብ ችግር ስለ ወደቀ የጨዋታው ባለቤትነት ወደ ሴጋ ዞረ፤ ኩባንያውም በ2003 ዓ.ም. ፈረሰ። ጨዋታው ግን አባቱ ከሞተ በኋላ እንደሚኖር ልጅ እስከ ዘመናችን ደርሷል። በ2019 ዓ.ም. በኢባራኪ አውራጃ የጃፓን አውራጃዎች በኤሌክትሮኒክ ስፖርት ሲወዳደሩ፥ ለውድድሩ ከተመረጡት ጨዋታዎች አንዱ ፑዮ ፑዮ ነበረ።

አደራረጉ

የጨዋታው ሰሌዳ በመስኮቱ ላይ የሚታይ ሣጥን ነው፤ ወርዱ 6 ቤት፥ ቁመቱ 12 ቤት ስለ ሆነ በጠቅላላው 72 ቤቶች ይታያሉ። ከላይ በኩል ዓይን ያላቸው ድቡልቡል ፍሬዎች ሁለት ሁለት ሆነው ይወርዳሉ። ቀለማቸውም ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊ፥ ቢጫና ሐምራዊ ነው። የሚወርደው ጥንድ አንዳንድ ጊዜ ባንድ ቀለም፥ አንዳንድ ጊዜ በሁለት ቀለም ይሆናል። ተጫዋቹ ጥንዱ ከታች ሳያርፍ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ይወስደዋል፤ ያዞረዋል፤ ቢፈልግም አፍጥኖ ያወርደዋል። «ይህ አይስማማኝም» ብሎ ሊመልሰው ግን አይችልም። አንዱ ጥንድ እንዳረፈም ሌላው ወዲያው ይከተላል።

ሕጉ አጭር ነው። አንድ ዓይነት ቀለም ያላቸው አራት ፍሬዎች ጎን ለጎን ወይም ላይና ታች ሆነው ሲነካኩ ይጠፋሉ፤ በሰያፍ መነካካት አይቈጠርም። በላያቸው የነበሩት ፍሬዎች ወደ ተለቀቀው ስፍራ ይወርዳሉ። በዚህ አወራረድ ሌሎች አራት አንድ ቀለም ቢገናኙ እነርሱም ይጠፋሉ፤ ከዚያም ሌሎች ይከተላሉ። እንዲህ ተከታትሎ መጥፋት በጃፓንኛ ሬንሳ ይባላል፤ እኛም ሰንሰለት እንለዋለን። ፍሬዎቹ ተከማችተው ከግራ በኩል ሦስተኛውን ዓምድ እስከ ላይ የሞሉበት ተጫዋች ተሸናፊ ነው።

ሁለት ሰዎች ሲጋጠሙ ለያንዳንዱ የራሱ ሣጥን አለው። አንዱ ሰንሰለት ባደረገ ጊዜ በባላጋራው ሣጥን ላይ ቀለም የሌላቸው ፍሬዎች ይዘንባሉ። ጃፓኖች ኦጃማ ይሏቸዋል፤ ትርጓሜውም እንቅፋት ማለት ነው። እንቅፋቶቹ እርስ በርሳቸው ቢነካኩ አይጠፉም፤ በአጠገባቸው ያሉት ባለ ቀለም ፍሬዎች ሲጠፉ ግን አብረው ይጠፋሉ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ሁለተኛው ፑዮ ፑዮ ደግሞ አንድ ትልቅ ሕግ ጨመረ፤ ይኸውም እንቅፋቱ ገና ሳይወርድ፥ የተጠቃው ሰው የራሱን ሰንሰለት ቢያስነሣ የመጣበትን ይሽራል፤ ትርፍ ቢኖረውም ወደ ላከው ሰው ይመልሰዋል።

ልብን የሚስብበት ምክንያት

የመጀመሪያው ምክንያት ዓይን ለቀለም ያለው ቅርበት ነው። በ1980 ዓ.ም. አን ትሪስማን የተባሉት የሥነ ልቡና ሊቅ ከጋሪ ጀላድ ጋራ ሆነው እንዳስረዱት፥ ሰው በብዙ አረንጓዴ ነገሮች መካከል አንድ ቀይ ነገር ቢኖር አንድ በአንድ እየመረመረ አይፈልገውም፤ የአረንጓዴዎቹ ቍጥር ምንም ቢበዛ ቀዩ ወዲያው ዘሎ ከዓይን ይገባል። ፊደልን ለማንበብ ትምህርት ያስፈልጋል፤ ቀይን ከአረንጓዴ ለመለየት ግን ጤነኛ ዓይን ብቻ ይበቃል። ስለዚህ የስድስት ዓመት ልጅም፥ ከሥራ ደክሞ የተመለሰ ሽማግሌም የዚህን ጨዋታ ሕግ በጥቂት ደቂቃ ይረዱታል። በሩ ዝቅ ብሎ የተሠራ ቤት ነው፤ ሁሉም ይገባበታል።

ሁለተኛው ምክንያት እጅና አሳብ አብረው መሥራታቸው ነው። ዴቪድ ከርሽና ፖል ማግሊዮ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1994 ዓ.ም. የቴትሪስ ተጫዋቾችን መርምረው አንድ ነገር አስተዋሉ። ተጫዋቾቹ ቅርጹን በልባቸው አዙረው ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን አያንቀሳቅሱም፤ ነገሩን በእጅ ማዞር በልብ ከማዞር ስለሚፈጥን፥ ለማሰብ ሲሉ ራሱ ያዞሩታል። እጅ የአሳብ አሽከር መሆኑ ቀርቶ ባልንጀራው ይሆናል ማለት ነው። በፑዮ ፑዮም ፍሬው ሲወርድ ጊዜ አይሰጥምና ሰው እያየ ያደርጋል፥ እያደረገም ያያል። ስለ ቤቱ ወጪ፥ ስለ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ለማሰብ ስፍራ አይቀርም። ከጥቂት ደቂቃ ጨዋታ በኋላ ሰው ከረጅም መንገድ እንደ ተመለሰ ሆኖ የሚሰማው ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጋራ የሚስማማ ነገር ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ የተባሉት በትውልዳቸው ሀንጋሪያዊ የሆኑ ሊቅ ተናግረዋል። በ1975 ዓ.ም. ባወጡት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ሥራው ከሠሪው ችሎታ ቢያንስ ሰውዬው ይሰለቻል፤ ቢበልጥ ይጨነቃል፤ ሁለቱ በተመጣጠኑ ጊዜ ግን ራሱንና ሰዓቱን ረስቶ በሥራው ውስጥ ይሰጥማል። ፑዮ ፑዮ ብቻውን ለሚጫወት ሰው ችሎታው ባደገ ቍጥር ፍጥነቱን ይጨምርበታል፤ ለሚጋጠምም በእኩያው ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ሚዛኑ ሳይዛባ ብዙ ይቆያል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን ሰንሰለቱ ነው። ይህን በቍጥር ማስረዳት ይሻላል። በ1994ቱ ጨዋታ ሕግ አራት ፍሬዎችን ለብቻቸው ያጠፋ ሰው 40 ነጥብ ያገኛል፤ ባላጋራውን አንድ እንቅፋት ለማዝነብ ደግሞ 70 ነጥብ ያስፈልጋል። እንግዲህ 20 ፍሬዎች ያሉት ሰው አራት አራቱን በአምስት ልዩ ልዩ ጊዜ ቢያጠፋቸው 200 ነጥብ ብቻ ያገኛል፤ በባላጋራው ላይም ሁለት እንቅፋት ብቻ ይወርዳል። እነዚያኑ 20 ፍሬዎች ታግሦ በአንድ ሰንሰለት ቢያስተሳስራቸው ግን፥ የመጀመሪያዎቹ አራት 40 ነጥብ፥ ሁለተኞቹ 320፥ ሦስተኞቹ 640፥ አራተኞቹ 1,280፥ አምስተኞቹ 2,560 ነጥብ ያመጣሉ። ድምሩ 4,840 ነጥብ ነው፤ ይኸውም 69 እንቅፋት ይሆናል። የባላጋራው ሣጥን 72 ቤት ብቻ ያለው መሆኑን አንባቢ ያስታውስ። ፍሬው ያው፥ ቍጥሩም ያው ሲሆን፥ አንዱ ሰው ባላጋራውን በጠጠር ነካው፤ ሁለተኛው በናዳ ቀበረው። ልዩነቱ የመጣው ከዕድል አይደለም፤ አስቦ ከመታገሥ ነው።

የጨዋታው ፈተና የሚገኝ እዚህ ላይ ነው። አራት ቀይ ፍሬዎች ቀርበው ሲታዩ እጅ ለማጥፋት ይቸኵላል፤ ማጥፋት ደስ ያሰኛልና፥ ሣጥኑንም ያቀልላልና። አስተዋይ ተጫዋች ግን ሦስቱን ለይቶ ያኖራቸዋል፤ አራተኛውን ከላይ ያስቀምጣል፤ በመካከላቸው ሌላ ቀለም አግብቶ እስከ ጊዜው ይጠብቃል። እየጠበቀም ሣጥኑ ይሞላል፤ ከባላጋራው የሚመጣው አደጋም ይቀርባል። እጅግ ቢዘገይ ሰንሰለቱ ሳይነሣ ይቀበራል፤ እጅግ ቢቸኵል ትንሽ ነገር ያገኛል። በጨዋታው ውስጥ ከቀለም ማዛመድ ይልቅ የሚከብደው ይህ ነው፤ ፍሬው ሲሮጥ ሰው ራሱ አለመሮጥ። ሰንሰለቱ በመጨረሻ ተነሥቶ አንዱ ደረጃ ሌላውን እየጐተተ ሲወርድ፥ ሠሪው እጁን ሰብስቦ ሥራውን ይመለከታል። ይህን ደስታ የቀመሰ ሰው እንደገና ሊቀምሰው ይመኛል።

አራተኛው ምክንያት ሚዛናዊ ፍርድ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች የሚመጣላቸው ጥንድ በቀለሙም በተራውም አንድ ነው። በካርታ ጨዋታ የተሸነፈ ሰው «ክፉ ካርታ ደረሰኝ» ብሎ ሊያመካኝ ይችላል፤ በፑዮ ፑዮ የተሸነፈ ግን በባላጋራው ሣጥን ዘወር ብሎ ቢያይ፥ ለርሱ የመጣችው ያችው ቀይና ቢጫ በዚያ ዘንድ ምን እንደ ሆነች ያያል። የገዛ ሥራው በፊቱ ይቆምበታል። ሁለተኛው ጨዋታ ደግሞ ቀጥለው የሚመጡትን ሁለት ጥንዶች አስቀድሞ ስለሚያሳይ፥ «ድንገት መጣብኝ» የሚለው ምክንያትም አይረዳም።

ይህ ዓይነቱ ደስታ ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በገበጣ የመጨረሻዪቱ ጠጠር ሌሎች ጠጠሮች ካሉበት ጉድጓድ ስትወድቅ፥ ተጫዋቹ እነዚያን ዘግኖ መዝራቱን ይቀጥላል፤ አንዱ እርምጃ ሌላውን ይወልዳል። አያቶቻችን በየአዳራሹ ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥም፥ በመጀመሪያው ላይ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፥ አንዱ የሌላውን እስኪማርክ ድረስ ሠራዊታቸውን በፍጥነት ያሰልፉ ነበር፤ ይኸውም ወረራ ይባል ነበር። በወረራ ጊዜ ሰው አንድ ዓይኑን በራሱ፥ አንድ ዓይኑን በባላጋራው ላይ አድርጎ፥ እየፈጠነ ሥርዐት ይሠራል። ፑዮ ፑዮ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወረራ ነው ቢባል አልተሳሳተም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ነገር

እስካሁን ያመሰገንነው ነገር ግን ሌላ ገጽ አለው። እንዲህ ያለ ጨዋታ መስኮቱ ከጠፋ በኋላ እንኳ በልብ ውስጥ ይቀራል። በ2000 ዓ.ም. ሮበርት ስቲክጎልድ የተባሉ ተመራማሪ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ቴትሪስን ለብዙ ሰዓት የተጫወቱ ሰዎችን ሲጠይቁ፥ ብዙዎቹ እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል የሚወርዱትን ቅርጾች በዓይነ ኅሊናቸው እንዳዩ ነገሯቸው። እጅግ የሚያስደንቀው፥ ከነርሱ መካከል የማስታወስ ችሎታቸውን በሕመም ያጡና መጫወታቸውን ራሱን የዘነጉ ሰዎች እንኳ ይህን ምስል ማየታቸው ነው። እንግዲህ ልጅ ከመኝታው በፊት የተጫወተውን ወደ አልጋው ይዞት እንደሚገባ ወላጅ ይወቅ።

ከዚህ የሚበልጠው ጥንቃቄ ደግሞ የጨዋታውን መጨረሻ መመልከት ነው። ሁለት ሰዎች የሚጋጠሙበት ፑዮ ፑዮ ግጥሚያ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ አንዱ ያሸንፋል፥ አንዱ ይሸነፋል፥ ሁለቱም ይነሣሉ። ከርሱ በኋላ ከተነሡት የቀለም ጨዋታዎች መካከል ግን እንዳያልቁ ሆነው የተሠሩ አሉ። በ2012 ዓ.ም. ኪንግ የተባለው ኩባንያ ያወጣውን ካንዲ ክራሽ ሳጋን ለምሳሌ እንውሰድ። በርሱም ተጫዋቹ ባለ ቀለም ከረሜላዎችን ሦስት ሦስት አድርጎ ያዛምዳል። አምስት ነፍስ ይሰጠዋል፤ በተሸነፈ ቍጥር አንዷን ያጣል፤ የጠፋችውም ነፍስ በ30 ደቂቃ ትመለሳለች። ለመጠበቅ የማይታገሥ ሰው በገንዘብ ይገዛል። ጨዋታው በነጻ ይሰጣል፤ የሚሸጠው ግን የተጫዋቹ ትዕግሥት ማጣት ነው። ይህ ንግድ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለማወቅ፥ ኪንግ በ2016 ዓ.ም. አክቲቪዥን ብሊዛርድ ለተባለው ኩባንያ በ5.9 ቢልዮን የአሜሪካ ዶላር መሸጡን ማስታወስ ይበቃል። ፑዮ ፑዮም ከዚህ መንገድ ፈጽሞ አልራቀም፤ በ2013 ዓ.ም. በእጅ ስልክ ውስጥ ነገር እየገዙ የሚጫወቱት አንድ ዓይነት ወጥቶለታል። ስለዚህ ስምን ሳይሆን አሠራርን መመርመር ይገባል።

ልዩነቱን በአንድ ቃል ለመናገር፥ የቀድሞው ጨዋታ ትዕግሥትን ይሸልማል፤ ይህኛው ትዕግሥት ማጣትን ያስከፍላል። ቀለሙና ድምፁ ቢመሳሰሉም፥ በልጅ ጠባይ ላይ የሚዘሩት ዘር አንድ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በጨዋታ መያዝን ከበሽታዎች መዝገብ አግብቶታል፤ መዝገቡም በ2019 ዓ.ም. ጸድቆ በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ በሥራ ላይ ዋለ። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። ሰውዬው ጨዋታውን ለመጀመርና ለማቆም ሥልጣን ያጣል፤ ጨዋታውን ከሌላው ኑሮው ሁሉ ያስቀድማል፤ ጕዳት ሲደርስበትም እያየ ይቀጥላል። ይህ ነገር ትምህርቱን፥ ሥራውን ወይም ቤተ ሰቡን እየጐዳ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ በሽታ ይባላል። እንግዲህ ልጅ ጨዋታ ስለ ወደደ ብቻ ታመመ ማለት አይገባም፤ እነዚህን ምልክቶች አይቶ ዝም ማለትም አይገባም።

ለወላጆች የሚሆን ምክር

አንደኛ፤ ዕድሜን መለየት ነው። ይኸው ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በሰጠው ምክር፥ ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በመስኮት ፊት ተቀምጦ እንዲውል አይደግፍም፤ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለውም በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ፥ ቢያንስም እንደሚሻል ይናገራል። ለእነዚህ ሕፃናት ቀለምን ለማስተማር ከመስኮት ይልቅ ባለ ቀለም የጨርቅ ቍራጭ ይሻላቸዋል።

ሁለተኛ፤ የጨዋታውን ልክ በሰዓት ብቻ ሳይሆን በግጥሚያ መወሰን ነው። «ግማሽ ሰዓት ሲሆን አቁም» የተባለ ልጅ ሰንሰለቱን ሠርቶ ሊያስነሣው ሲል ቢቋረጥበት ያለቅሳል፤ ልቅሶውም ያለ ምክንያት አይደለም። «አምስት ግጥሚያ ከተጫወታችሁ በኋላ ትነሣላችሁ» ቢባል ግን ሥራው ተፈጽሞ ያልቃል፤ ልጁም ቃሉን ለመጠበቅ ይቀለዋል።

ሦስተኛ፤ የዓይንን ነገር ማስተዋል ነው። ልጅ በዚህ ጨዋታ ቀዩን ከአረንጓዴው ደጋግሞ ቢያሳስት፥ ሰነፍ ነው ብሎ ከመቈጣት በፊት ዓይኑን ማስመርመር ይገባል። ዘራቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ሕዝቦች ዘንድ ከ12 ወንዶች አንዱ ያህል፥ ከ200 ሴቶችም አንዷ ያህል ቀይና አረንጓዴን በሚገባ አይለዩም፤ በሌሎችም ሕዝቦች መጠኑ ይለያይ እንጂ ይህ ነገር ይገኛል። ጕድለቱ ብዙውን ጊዜ ወንድ ልጅ ከእናቱ የሚወርሰው ነው፤ እናቲቱ ግን ራሷ ቀለምን በሚገባ ታይ ይሆናል። ሺኖቡ ኢሺሃራ የተባሉት ጃፓናዊ ሐኪም በ1917 ዓ.ም. ያወጡት ባለ ነጠብጣብ የመመርመሪያ ሥዕል እስከ ዛሬ በሐኪሞች ዘንድ ይሠራበታል። ብዙ ልጆች ይህ ጕድለት ሳይታወቅባቸው በትምህርት ቤት በካርታና በሥዕል ምክንያት ይወቀሳሉ፤ ጨዋታው ነገሩን አስቀድሞ ቢገልጠው ትልቅ ጥቅም ነው።

አራተኛ፤ ገንዘብ የሚጠይቀውን ጨዋታ ለልጅ ብቻውን አለመተው ነው። በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው መክፈያ እንደ ቤት ሣጥን ቍልፍ ነው፤ የቤቱን ሣጥን ቍልፍ ለሕፃን የሚሰጥ ሰው የለም። ልጁ ነፍስ ወይም ሌላ ነገር ግዙልኝ ብሎ በጠየቀ ጊዜ፥ ከመከልከል ጋራ ጨዋታው ስለ ምን እንደሚያስጠብቀው ማስረዳት ይገባል። ልጆች መታለልን አይወዱምና፥ ነገሩን ሲረዱት ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይተዉታል።

አምስተኛና ዋናው፤ አብሮ መጫወት ነው። ልጅ ብቻውን በጓዳ የሚጫወተው ጨዋታ ከቤተ ሰቡ ይለየዋል፤ በአዳራሽ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋራ የሚጋጠመው ግን ያቀራርበዋል። በዚህ ጨዋታ ታላቅ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ የልጅ ዓይን ፈጣን ነው፥ የታላቅ ሰው አሳብ ሩቅ ነው። አባት በልጁ ሲሸነፍ ሳይቈጣ ቢያመሰግን፥ ልጁ ሽንፈትን በጨዋነት መቀበልን ያለ ስብከት ይማራል። እናትም ልጇ አራቱን ቀይ ለማጥፋት ሲቸኵል አይታ፥ «ጥቂት ታገሥ፤ ይህችን ለበኋላ አኑራት» ብትለው፥ ሰንሰለቱ ሲወርድ ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ በዓይኑ ያየዋል።

እንግዲህ በቤታችሁ ልጆች በባለ ቀለም ፍሬዎች ሲጫወቱ ብታዩ፥ ከመፍቀዳችሁም ከመከልከላችሁም በፊት አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አንድ ግጥሚያ ግጠሙ። ጨዋታው መጨረሻ እንዳለው፥ ገንዘብ እንደሚጠይቅ፥ ማሰብን ወይስ መቸኰልን እንደሚያስተምር በዚያ ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትረዱታላችሁ። ከዚያ በኋላ የምትሰጡት ፍርድ ምስክር የተሰማበት ፍርድ ይሆናል፤ ልጆቻችሁም በደስታ ይታዘዙታል።